የኤሌክትሪክ ጊታር ቅብ ድምፁን ይቀይረዋል?

ጊታር ተጫዋቾች ሲገናኙ ከማያልቁት ክርክሮች አንዱ ይሄ ነው። አንዱ «ናይትሮ ያልተቀባ ጊታር ድምፁ የታፈነ ነው» ይላል (ናይትሮና ፖሊ ሁለት የቅብ ዓይነቶች ናቸው)። ሌላው «ቀለምና ድምፅ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይመልሳል። በመሀል የሚጎዳው ጀማሪው ነው። ስንት ጊዜ አጠራቅሞ የሚወደውን ጊታር ሊገዛ ሲል «ቅቡ ፖሊ ከሆነማ ተወው» ይሉታል። እሱም ድምፁን ሳይሰማ ልቡ ይሸፍታል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አካሉ ድፍን እንጨት በሆነ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ቅቡ በድምፁ ላይ ያለው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ክር መቀየር፣ ኬብል መቀየር፣ ፒካፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ) አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ዝቅ ማድረግ ከእሱ በብዙ እጥፍ ይሰማል። ቦክስ ጊታር (አኩስቲክ) ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለክርክሩ አለማለቅ አንዱ ምክንያት ሁለቱን ማምታታት ይመስለኛል።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅብ ስንል ምን ማለታችን ነው?

እንጨቱ ተቆርጦ፣ ቅርጽ ወጥቶለት፣ በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ የሚደረብበት ነገር ሁሉ ነው። መጀመሪያ የእንጨቱን ቀዳዳዎች የሚደፍን መሠረት ይቀባል። ከዚያ ቀለሙ ይመጣል። በመጨረሻ ግልጽ የሆነው መከላከያ ይረጫል። እዚህ ጽሑፍ ላይ «ቅብ» የምለው የሦስቱን ድምር ነው።

ክርክሩ የሚነሣው በአብዛኛው በሁለት ወገኖች መካከል ነው። አንደኛው ናይትሮሴሉሎስ ላከር ነው፤ ባጭሩ «ናይትሮ» ይሉታል። በቲነር ቀጥኖ ይረጫል። ቲነሩ ሲተን ስስ ሽፋን ይቀራል። ከዓመታት በኋላም ቲነር ከነካው መልሶ ይሟሟል። ዕድሜ ሲጫነው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እየሳሳ እንጨቱን ያሳያል።

ሁለተኛው ወገን «ፖሊ» የሚባለው ነው። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ፖሊዩሬቴን እና ፖሊስተር። ሁለቱም የሚጠነክሩት በመድረቅ ብቻ ሳይሆን በኬሚካዊ ለውጥ ነው። አንዳንዶቹን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያጠነክሯቸዋል። አንዴ ከጠነከሩ ተራ ቲነር አይመልሳቸውም። ጭረትን ይቋቋማሉ፣ ለረጅም ጊዜ እንደ አዲስ ይቆያሉ።

ዘይትና ሰም ብቻ የሚቀቡ ጊታሮችም አሉ። እነሱ ላይ ብዙ ጠብ የለም።

ለጉዳያችን ዋናው ቁጥር ውፍረቱ ነው። በጥንቃቄ የተረጨ ስስ ናይትሮ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ወፍራም ፖሊስተር ግማሽ ሚሊሜትር ሊደርስ፣ ሊያልፍም ይችላል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል። ናይትሮ ሁሉ ስስ፣ ፖሊ ሁሉ ወፍራም አይደለም። ዘመናዊ ፖሊዩሬቴን በጣም ስስ ተደርጎ ሊረጭ ይችላል። ናይትሮም በግድየለሽ እጅ ይወፍራል።

ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው?

ክርክሩ መቋጨት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ብረት ነው። ከክሩ ሥር ፒካፕ አለ። ፒካፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ከሰው ፀጉር የማይወፍር ነው፤ ስትራቶካስተር በተባለው የታወቀ የፌንደር ጊታር አንድ ፒካፕ ላይ 8,000 ዙር ገደማ ይጠመጠማል። ማግኔቱ ከላዩ ያለውን ክር ራሱን በጥቂቱ ማግኔት ያደርገዋል። ክሩ ሲመታ ይርገበገባል። በሽቦው ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይልም አብሮት ይለዋወጣል። ያ መለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያሳየው ሕግ ነው። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ በኬብል ወደ አምፕሊፋየር ትሄዳለች፣ ትጎላለች፣ በስፒከር ትወጣለች።

እዚህ መንገድ ላይ አየር የለም። እንጨትም የለም። ፒካፑ የሚከታተለው የብረቱን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ጊታሩ አጠገብ ቆማችሁ ብትዘፍኑ አምፑ ዘፈናችሁን አያወጣውም፤ ፒካፕ ማይክሮፎን አይደለምና።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። የሽቦው ጥቅል በሰም ካልተነከረ ሽቦዎቹ ራሳቸው ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ። ያን ጊዜ ፒካፑ በጥቂቱ እንደ ማይክሮፎን ይሠራል። የጊታሩን አካል በጣት ብታንኳኩ በአምፑ ይሰማል። አንዳንድ የድሮ ፒካፖች እንዲህ ናቸው፤ ይህን ባሕርያቸውን የሚወዱላቸው ተጫዋቾችም አሉ።

ታዲያ እንጨቱ ምንም አይሠራም ማለት ነው?

እንዲያ አላልኩም። ክሩ በሁለት ጫፍ ታስሯል፤ አንዱ ብሪጁ ላይ (አካሉ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ብረት)፣ ሌላው አንገቱ ላይ። ሲርገበገብ ጉልበቱ በሁለቱም ጫፍ በትንሽ በትንሹ እየሾለከ ይወጣል። ጫፉ የሚወዛወዝ ከሆነ ብዙ ይሾልካል፣ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። የጸና ከሆነ ድምፁ ይቆያል። እንጨቱ ድምፅ የሚነካው በዚህ በኩል ነው፤ ከክሩ ላይ ጉልበት በመውሰድ።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው ቤዝ ጊታር ነው። በብዙ ቤዞች ላይ የሶል ክር አምስተኛና ሰባተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) መካከል አንድ ቦታ አለ። ሌላው ኖታ እየዘመረ እሱ ብቻ ዱብ ብሎ ይጠፋል። ተጫዋቾች «የሞተ ቦታ» ይሉታል። የሚፈጠረው አንገቱ ራሱ በዚያ ኖታ ፍጥነት መወዛወዝ ስለሚወድ ነው። ልብ በሉ፣ ጥፋተኛው ቀጭኑና ረጅሙ አንገት ነው። ወፍራሙ አካል ከአንገቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙም አይነቃነቅም። ቅቡ በብዛት ያለው ደግሞ ብዙም በማይነቃነቀው በአካሉ ላይ ነው።

የጊታር ታሪክም ይህንኑ ይነግረናል። በ1932 ገበያ ላይ የዋለው የሪከንባከር ኤሌክትሪክ ጊታር አካሉ ቀልጦ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነበር። ቅርጹን አይተው «መጥበሻው» አሉት። ጊታሪስቱ ሌስ ፖል በ1940ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ አሥር ሳንቲሜትር ስፋት ባለው የጥድ አጣና ላይ ክር ወጥሮ ተጫወተ። በግራና በቀኝ የሌላ ጊታር ጎን የለጠፈበት ጊታር እንዲመስል ነው። ዳንኤሌክትሮ ማሶናይት በሚባል የተጨመቀ እንጨት የተሸፈኑ ጊታሮች ሸጧል። አምፔግ በ1969 ከግልጽ ፕላስቲክ የተሠራ ጊታር አውጥቶ የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ መድረክ ላይ ይዞት ወጥቷል። ሁሉም የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ይሰጣሉ። በናሽቪል የሚኖር አንድ ጊታሪስት ደግሞ ከዚህም ሄደ። ክሮቹን በሁለት ጠረጴዛ መሰል ነገሮች መካከል በባዶ አየር ላይ ወጥሮ፣ ፒካፑን ከሥር በትክክለኛው ርቀት አስቀምጦ ቀረጸ። የሰማነው ድምፅ ከእውነተኛው ጊታር ለመለየት የሚያስቸግር ነበር።

አካሉ በሙሉ ተነሥቶ ልዩነቱ ይህን ያህል ከጠበበ፣ በአካሉ ላይ ያለው የቀለም ሽፋን ምን ያህል ሊሠራ ይችላል?

ቅቡ ስንት ይመዝናል?

ይህን በግምት ማስላት ይቻላል። የስትራቶካስተር ዓይነት አካል ፊቱ፣ ጀርባውና ጎኑ ሲደመር ሩብ ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ቢቀባ የቅቡ መጠን 25 ሴንቲሜትር ኩብ ነው። ክብደቱ 30 ግራም አካባቢ ይመጣል። በግማሽ ሚሊሜትር ቢቀባ አምስት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 150 ግራም።

አካሉ ራሱ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከአንድ ዓይነት ዛፍ የተቆረጡ ሁለት አካሎች ደግሞ በብዙ መቶ ግራም ሊለያዩ ይችላሉ። እንግዲህ በጣም ስስ በሆነውና በጣም ወፍራም በሆነው ቅብ መካከል ያለው ልዩነት፣ በሁለት ቁራጭ እንጨት መካከል በተፈጥሮ ካለው ልዩነት ያነሰ ነው። ስትጫወቱ ጊታሩ ሆዳችሁን ተደግፎ፣ ክንዳችሁ ከላዩ አርፎበት ነው። ይህ ሁሉ ሥጋ የአካሉን ንዝረት የሚያፍነው ከቀለም በላይ ነው።

ውፍረቱንም ተመልከቱት። አካሉ 45 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ፕላስቲክ ያን የመሰለ ድፍን እንጨት የሚያጠነክረው በጣም በጥቂቱ ነው።

በፊዚክስ ልዩነቱ ዜሮ ነው አልልም። በመሣሪያ ቢለካ አንድ ነገር ሊገኝ ይችላል። በሰው ጆሮ፣ በአምፕ ውስጥ አልፎ፣ ከበሮና ቤዝ አጠገቡ እያለ ይሰማል ወይ ነው ጥያቄው። አይሰማም ብዬ አምናለሁ።

ቦክስ ጊታር ላይስ?

እዚህ ላይ ቅብ ትልቅ ነገር ነው። የቦክስ ጊታር ድምፅ የሚወጣው ከፊቱ ገበታ ነው። ያ ገበታ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ወይም ሦስት ሚሊሜትር የሚሆን ስስ እንጨት ነው። ክሩ ያንቀጠቅጠዋል፤ እሱ አየሩን ይገፋል። የከበሮ ቆዳ ላይ ወፍራም ቀለም ብትቀቡ ድምፁ እንደሚታፈን ሁሉ፣ በዚህ ገበታ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ፕላስቲክ ቢደረብበት ይከብዳል፣ ይደነድናል፣ ንዝረቱም ቶሎ ይሞታል። ጥሩ የቦክስ ጊታር ሠሪዎች ቅቡን የሚያሳሱት በዚህ ምክንያት ነው። የክላሲካል ጊታር ሠሪዎች ደግሞ ብዙዎቹ እጅግ ስስ የሆነውን ሼላክ የተባለ የተፈጥሮ ሙጫ በጨርቅ እያሹ ይቀባሉ።

ልብ በሉ፣ እዚህም ዋናው ጉዳይ የቅቡ ስም ሳይሆን ውፍረቱ ነው። ውስጣቸው ባዶ ወይም ከፊል ባዶ የሆኑ ኤሌክትሪክ ጊታሮች በሁለቱ መካከል ይወድቃሉ። ፊታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቅቡ ጥቂት ሊሰማ ይችላል፣ በተለይ ያለ አምፕ ሲመቱ።

«ናይትሮ እንጨቱን ያስተነፍሰዋል» የሚባለውስ?

ተቆርጦ የደረቀ እንጨት አይተነፍስም። ከአየር እርጥበት ይወስዳል፣ ይመልሳል፤ ሲወስድ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። አንገት በበጋና በክረምት የሚጎብጠው በዚህ ነው። ናይትሮም ሆነ ፖሊ ይህን መመላለስ ያዘገዩታል እንጂ ፈጽመው አያቆሙትም። እርጥበት ሲመላለስ ደግሞ ለጊታሩ ጉዳት ነው። «መተንፈስ» እንደ ጥቅም መቆጠሩ ሁሌም ይገርመኛል።

አንድ እውነት ግን አለው። ናይትሮ ከተረጨ በኋላ ለብዙ ጊዜ ውስጡ የቀረው ቲነር እየተነነ ይሳሳል፣ ወደ እንጨቱ መስመሮች ይሰምጣል። በአሮጌ ጊታር ላይ እንጨቱ ከቅቡ ሥር የሚታየውና የሚዳሰሰው ለዚህ ነው። ያ ውበት ነው፤ በእጅም ይታወቃል።

ታዲያ እምነቱ ከየት መጣ?

ለእኔ ይህ ከሁሉም ደስ የሚለው ክፍል ነው።

በ1920ዎቹ ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኬሚካል ኩባንያ «ዱኮ» የተባለ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለመኪና አወጣ። ከዚያ በፊት የመኪና ቀለም እስኪደርቅ ብዙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስድ ነበር። ዱኮ ይህን በእጅጉ አሳጠረው። የቤት ዕቃ ፋብሪካዎችም ተቀበሉት። ጊታር ፋብሪካዎች ናይትሮ የቀቡት ለድምፅ መርጠውት አይደለም። በጊዜው በፍጥነት የሚደርቅ፣ በስፕሬይ የሚረጭ፣ በቀላሉ የሚገኝ የኢንዱስትሪ ቀለም እሱ ስለነበር ነው።

የፌንደር ጊታር ፋብሪካን መሥራች ሊዮ ፌንደርን ተመልከቱ። ስትራቶካስተር በ1954 ሲወጣ ዓላማው በፋብሪካ በብዛት የሚመረት ጊታር ነበር። በኋላ ደንበኛ የሚያዘው ልዩ ቀለም ሲመጣ በቀጥታ ከመኪና ቀለም ካታሎግ ወሰዱት። ፊየስታ ሬድ የፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነው። ሌክ ፕላሲድ ብሉ የካዲላክ ነው፤ ያውም ናይትሮ ሳይሆን አክሪሊክ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ፌንደር ከቀለሙ ሥር እንጨቱን የሚደፍነው በናይትሮ ሳይሆን ፉለርፕላስት በሚባል ሌላ ጠንካራ መሠረት ነበር። ሰው «እውነተኛ ናይትሮ» እያለ የሚያደንቃቸው ብዙ አሮጌ ጊታሮች ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀው ቅባቸው ናይትሮ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ነው ሁሉን ያደባለቀው። በ1965 ፌንደር ሲቢኤስ ለተባለው የአሜሪካ ብሮድካስት ኩባንያ ተሸጠ። ምርቱ ጨመረ። ከ1968 ገደማ ጀምሮ ወፍራም የፖሊስተር ቅብ ገባ። በ1970ዎቹ የወጡት ጊታሮች ብዙዎቹ ከባድ እንጨት ነበራቸው፣ አንገታቸውም በደንብ የማይገጥም ነበር። ተጫዋቾች አዲሱን ከአሮጌው ሲያወዳድሩ አሮጌው ተሻላቸው። እውነትም የተሻለ ነበር። በዓይን ጎልቶ የሚታየው ልዩነት ግን ያ ወፍራም የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ተላከከ።

ሌላም አለ። ከ1950ዎቹ ጊታሮች ዛሬ የሚደነቁት ሰዎች ወደው ያቆዩዋቸው ናቸው። መጥፎዎቹ ተጥለዋል፣ ተሰባብረዋል፣ ተረስተዋል። የቀሩትን ምርጦች ይዘን ከዛሬ ተራ ጊታር ጋር ስናወዳድር ሚዛኑ ከመጀመሪያውም የተዛባ ነው።

«እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ»

ይህን የሚሉ ሰዎች አይዋሹም። በእርግጥ ሰምተዋል። ግን ምንን ነው የሰሙት?

አንድ ሰው ጊታሩን አስፍቆ በናይትሮ ሲያስቀባ ጊታሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ሲገጠም አዲስ ክር ይገባለታል። አንገቱ ይስተካከላል፣ ብሪጁ ይጸዳል፣ ሽቦዎቹ እንደገና ይበየዳሉ። ፒካፑ ቀድሞ በነበረበት ከፍታ ላይ በትክክል የመመለሱ ዕድል ጠባብ ነው። ድምፁ ቢለወጥ ምን ይደንቃል! ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ስም የሚያገኘው ግን ብዙ የተከፈለበት ቅብ ነው።

ዓይናችንና እጃችንም ጆሯችንን ይመሩታል። ከቫዮሊን ዓለም አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። በ2010 በኢንዲያናፖሊስ 21 ልምድ ያላቸው ቫዮሊን ተጫዋቾች ስድስት ቫዮሊን ተሰጣቸው። ሦስቱ አዲስ፣ ሁለቱ የስትራዲቫሪ፣ አንዱ የጓርኔሪ ነበሩ፤ ስትራዲቫሪና ጓርኔሪ ዝነኛ የድሮ የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪዎች ናቸው። ብርሃኑ ደብዝዞ፣ ዓይናቸው ላይ የብየዳ መነጽር ተደርጎ ተጫወቱ። አብዛኞቹ ወደ ቤት ይዘውት መሄድ የፈለጉት አዲስ ቫዮሊን ነበር። ከሁሉም ያነሰ ምርጫ ያገኘው አንዱ ስትራዲቫሪ ነው። እነዚህ ሰዎች ጆሯቸው የሥራ መሣሪያቸው ነው። ስሙን ሳያዩ ሲጫወቱ ግን ዝናው ከድምፁ ላይ ወረደ።

እጅ ላይ የሚሰማው ደግሞ እውነተኛ ለውጥ ያመጣል። አንገቱ ጀርባ ላይ ያለው ቅብ ከላብ ጋር የሚጣበቅ ከሆነ እጅ አይንሸራተትም። ለስላሳና ደብዛዛ ከሆነ በነፃነት ትጫወታላችሁ። በነፃነት የተጫወተ ሰው አመታቱ ይለያል፣ ድምፁም ይለያል። ቅቡ ድምፁን የለወጠው በእናንተ በኩል አልፎ ነው። ይህን ማቃለል አልፈልግም። ጊታር ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ድምፁን በግልጽ የሚለውጠውስ?

ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው፤ ኬብሉን። የጊታር ኬብል በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ አለው። ይህ ከፒካፑ ጋር ተደምሮ የትኛው የድምፅ ክልል ጎልቶ እንደሚወጣ ይወስናል። ለተለመደ ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ በሁለት ሜትር ኬብል ጉልላቱ 5.8 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይሆናል። በስድስት ሜትር ኬብል ወደ 3.8 ይወርዳል። ጊታሩ ድንገት የደበዘዘ ይመስላል። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ፣ ሁለት ኬብል ብቻ እየቀያየራችሁ በጆሯችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ስፒከሩ አለ፤ ከአምፑ ውስጥ እሱን መቀየር ጊታር የመቀየር ያህል ይሰማል።

ቀለም በእርግጥ ለውጥ የሚያመጣበት አንድ ቦታ ከጊታሩ ውስጥ አለ። ሽቦዎቹ የተቀመጡበት ጉድጓድ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከምድር ሽቦው ጋር ሲገናኝ ከውጭ የሚገባውን የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነትና ጩኸት ይቀንሳል። ማንም የማያየው ቀለም ነው።

እና ጊታር ስገዛ ቅቡን እንዴት ልየው?

መልኩንና አያያዛችሁን አስቡ። ጊታራችሁ ብዙ የሚጓዝ፣ የሚጋጭ ከሆነ ፖሊ ይታገሣል። እያረጀ ሲሄድ ታሪኩ ፊቱ ላይ እንዲነበብ ከወደዳችሁ ናይትሮ ደስ ይላል። ናይትሮ ከመረጣችሁ መቆሚያውን ተጠንቀቁ። አንዳንድ የጎማና የፕላስቲክ መቆሚያዎች ሲነኩት ያቀልጡታል፣ የማይለቅ ምልክት ይተዉበታል። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሙቅ ስታስገቡትም ከነሻንጣው ትንሽ አቆዩት፤ ድንገተኛ ለውጥ ይሰነጥቀዋል።

ያላችሁን ፖሊ ጊታር ለድምፅ ብላችሁ ለማስፋቅ ካሰባችሁ ግን እባካችሁ ቆዩ። ፖሊስተርን ማስለቀቅ ከባድ ሥራ ነው፤ በሙቀት ሲላጥ ጭሱ፣ ሲፋቅ አቧራው ለሳንባ አይበጅም። ብርጭቆ ወረቀቱ እንጨቱን ራሱን ይበላል፣ ጠርዞቹ ቅርጻቸውን ያጣሉ። አሮጌ ጊታር ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ቅቡ ሲነሣ ለሰብሳቢዎች ያለው ዋጋ በእጅጉ ይወርዳል። መጀመሪያ አዲስ ክር አስገቡበት፣ ፒካፑን በጠመንጃ መፍቻ ትንሽ ዝቅ ከፍ እያደረጋችሁ ስሙት።